ክንፍ አልባ የሾጣጣ ሮኬት፦ የአንድ ካሊበር ደንብ የማያዋጣበት ንድፍ

መንደርደሪያ

ሞዴል ሮኬት ለሚሠራ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ደንብ አንድ ነው። የሮኬቱ የክብደት ማዕከል ከግፊት ማዕከሉ ቢያንስ በአንድ ካሊበር፣ ማለትም በሮኬቱ ዲያሜትር ልክ፣ ወደ ፊት መቅደም አለበት ይላል። ይህ ደንብ ረጅም፣ ቀጭንና ባለ ጭራ ክንፍ ለሆነ ሮኬት ለብዙ ዓመታት በሚገባ አገልግሏል። ቅርጹ ከተለመደው ሲወጣ ግን፣ ለምሳሌ ክንፍ የሌለው ሾጣጣ፣ ፒራሚድ ወይም ሳህን መሰል ሲሆን፣ ደንቡ የቆመበት መሠረት ይናዳል። ከዚህም አልፎ በጭፍን የተከተለውን ሠሪ ከመነሻው ይልቅ ወደ ባሰ አደጋ ሊወስደው ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን በአንድ የተወሰነ ንድፍ ላይ በቁጥር ማሳየት ነው።

የተመረጠው ንድፍ ከወፍራም ወረቀት የሚሠራ፣ በውስጡ አንድ ተኩል ሊትር የሚይዝ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ያለበት፣ በውሃና በታመቀ አየር የሚነሣ ሾጣጣ ነው። ባሩድ ያለበት ሞተር አያስፈልገውም፤ የብስክሌት መንፊያና የግፊት መለኪያ ይበቃዋል። በትምህርት ቤት ግቢም በዩኒቨርሲቲ ሜዳም ሊሞከር የሚችል ስለሆነ፣ ዙሪያውን የሚቆሙት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወጣቶችና ሕፃናት ናቸው። የመረጋጋት ጥያቄ የስሌት ውበት ጉዳይ ብቻ ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ቁጥሮች የንድፍ ስሌት ውጤቶች እንጂ የበረራ ልኬቶች አይደሉም፤ የተወሰዱት ግምቶችም በየቦታቸው ተገልጸዋል።

ተንጠልጣይ ያልሆነው ተንጠልጣይ

ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነድፍ ሰው ክብደቱን ወደ ታች ማድረግ ይቀናዋል። ማሰሮ ከታች ሲከብድ ጸንቶ ይቀመጣል፤ የተሰቀለ ፋኖስም ቢወዛወዝ ተመልሶ ቀጥ ይላል። ሮኬትም በሞተሩ ላይ የተንጠለጠለ ያህል ከታሰበ ከታች የከበደው የተሻለ የሚረጋጋ ይመስላል። ይህ ስሕተት የጀማሪዎች ብቻ አይደለም። ሮበርት ጎዳርድ ማርች 16 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት በኦበርን ያስነሣው የመጀመሪያው የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት ሞተሩ ከላይ፣ የቤንዚኑና የፈሳሽ ኦክስጅኑ ታንኮች ከታች ነበሩ። በረራው 2.5 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ወደ 12.5 ሜትር ከፍታ ደረሰና ከመነሻው 56 ሜትር ገደማ ርቆ ወደቀ። ጎዳርድ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩን ወደ ኋላ አዛወረው።

ፋኖሱን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሰንሰለቱ የተሰቀለበት ማገር አለመንቀሳቀሱ ነው። ፋኖሱ ሲያዘነብል የማገሩ ጉልበት አብሮት አያዘነብልም። የሮኬት ገፊ ጉልበት ግን በሮኬቱ ዛቢያ ላይ የታሰረ በመሆኑ ሮኬቱ ሲያዘነብል አብሮ ያዘነብላል፤ መስመሩም ሁልጊዜ በክብደት ማዕከሉ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ሞተሩ ከላይ ይሁን ከታች የሚመልስ ጥምዘዛ አይፈጥርም። የመሬት ስበትም በክብደት ማዕከሉ ላይ ስለሚያርፍ እንዲሁ አያዞረውም። አቅጣጫ አራሚ መሣሪያ በሌለው ሮኬት ላይ የሚመልሰው ጉልበት የአየር ብቻ ነው። የጦር ብረት ከፊት፣ ቀላሉ ዘንግ ከኋላ መሆኑ ይህንኑ ይናገራል፤ ጦር ወርዋሪ ያለ ቀመር ያውቀው የነበረ ነገር ነው።

በውሃ ሮኬት ላይ ይህ ነጥብ እጥፍ ይከብዳል። ጠርሙሱ አፉ ወደ ታች ሆኖ ስለሚቆም ውሃው፣ ማለትም በመነሻው ቅጽበት ከጠቅላላው ክብደት ሦስት አራተኛ ያህሉ፣ ከታች ነው። ለተንጠልጣይ ባይ ይህ መልካም ዜና ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሮኬቱ በዚያች ቅጽበት ፈጽሞ ያልተረጋጋ መሆኑ ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

የባሮውማን ስሌትና ወሰኑ

የግፊት ማዕከልን በወረቀትና በእርሳስ ማስላት የቻለው የሞዴል ሠሪው ዓለም ከጄምስ ባሮውማን ሥራ በኋላ ነው። ባሮውማን ቀመሮቹን እ.ኤ.አ. በ1966 ለሞዴል ሠሪዎች አቀረባቸው፤ በሚቀጥለው ዓመትም በአሜሪካ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፉ አድርጎ አስፋፋቸው። በእኛ ደረጃ ለምንገኝ ተማሪዎች ይህ ማሟያ ጽሑፍ ምን ያህል ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል ከማሳየቱ ሌላ ርእሱ ራሱ አንድ ማስጠንቀቂያ ይዟል፤ ስለ «ቀጭን» ባለ ክንፍ ተወንጫፊዎች እንደሚናገር በግልጽ ያስቀምጣል። ቀመሮቹ ሮኬቱ ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር የሚፈጥረው ማእዘን ትንሽ፣ በተለምዶ ከ10 ዲግሪ በታች፣ እንዲሆንና ፍጥነቱም ከድምፅ ፍጥነት በጣም እንዲያንስ ይጠይቃሉ።

የአንድ ካሊበሩ ደንብ ከዚህ ስሌት አልተወለደም፤ ለስሌቱ ጉድለት የተተወ መጠባበቂያ ነው። ከጉድለቶቹ ዋነኛው እንዲህ ነው። ረጅም ሲሊንደር ያለው ሮኬት በትንሽ ማእዘን ሲበር ሲሊንደሩ የጎን ጉልበት አይፈጥርም፤ የግፊት ማዕከሉም ወደ ክንፎቹ ተጠግቶ ወደ ኋላ ይሆናል። ማእዘኑ ሲጨምር ግን ሲሊንደሩ ራሱ ነፋስ መያዝ ይጀምራል፤ የግፊት ማዕከሉም ወደ ፊት ይንሸራተታል። ማእዘኑ 90 ዲግሪ ሲደርስ ማዕከሉ የሮኬቱ የጎን ጥላ ማዕከል ላይ ያርፋል። የድሮ ሠሪዎች የሮኬቱን ጥላ በካርቶን ቆርጠው በጣታቸው ላይ ሚዛን ሲያስጠብቁት ያገኙት የነበረው ይህንኑ የመጨረሻ ነጥብ ነው። ካሊበሩ እንግዲህ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ለሚፈጠረው መንሸራተት የሚከፈል ዋስትና ነው ማለት ይቻላል።

ሾጣጣው ምን ይላል

አሁን ሾጣጣውን እንውሰድ። በባሮውማን ስሌት የሾጣጣ የግፊት ማዕከል ከጫፉ የርዝመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ይገኛል። የሾጣጣ የጎን ጥላ ደግሞ ሦስት ማእዘን ነው፤ የሦስት ማእዘን ማዕከልም ከጫፉ ሁለት ሦስተኛ ላይ ነው። በትንሹ ማእዘን የሚሰጠው መልስና በ90 ዲግሪ የሚሰጠው መልስ አንድ ሆኑ ማለት ነው። በሲሊንደር ላይ የምንፈራው መንሸራተት እዚህ መነሻ የለውም፤ ካሊበሩ የተከፈለበት ዋናው ዋስትናም ጉዳዩን አጥቷል።

ሦስተኛው ነገር ከሁለቱ ይልቅ ያስገርማል። ከወረቀት የተጠቀለለ፣ መቀመጫ የሌለው ባዶ ሾጣጣ የክብደት ማዕከሉ እንዲሁ ከጫፉ ሁለት ሦስተኛ ላይ ነው። የወረቀት ሾጣጣ በተፈጥሮው መረጋጋትም አለመረጋጋትም የሌለበት፣ በቢላዋ ስለት ላይ የቆመ ቅርጽ ነው። ውስጡ ሙሉ ቢሆን የክብደት ማዕከሉ ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚያፈገፍግ ያለ ጥርጥር ይገለበጣል። በባዶው ላይ ከሁለት ሦስተኛው በስተኋላ የምንጨምረው እያንዳንዱ ግራም ወደ መገልበጥ፣ ከሁለት ሦስተኛው በስተፊት የምንጨምረው እያንዳንዱ ግራም ወደ መረጋጋት ይወስደዋል። ለንድፍ ትምህርት ከዚህ የጠራ ቅርጽ ማግኘት ያስቸግራል።

የእኛ ንድፍ ርዝመቱ 60 ሴንቲሜትር፣ የመቀመጫው ዲያሜትር 24 ሴንቲሜትር ነው። ጠርሙሱ ከ28 እስከ 60 ሴንቲሜትር ባለው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ የጠርሙሱ ሰፊ ክፍል በሚያልቅበት ቦታ የሾጣጣው ዲያሜትር 11 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ 9 ሴንቲሜትር የሚሆነው ጠርሙስ በምቾት ይገባል። በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን ወረቀት ብንወስድ ሾጣጣው 46 ግራም ይመዝናል። ጠርሙሱን 40 ግራም፣ ጠርሙሱን የሚይዙትን ቀለበቶችና ሙጫውን 20 ግራም እንበል፤ የሁለቱንም ማዕከል ከጫፉ 45 ሴንቲሜትር ላይ እናስቀምጥ። ሲደመር 106 ግራም የሚመዝን ሮኬት ይሆናል፤ የክብደት ማዕከሉም 42.8 ሴንቲሜትር ላይ ያርፋል። የግፊት ማዕከሉ 40 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ሮኬት እንደ ተሠራ ቢነሣ ይገለበጣል።

ከጫፉ 6 ሴንቲሜትር ላይ 44 ግራም ብንጨምር የሮኬቱ ክብደት 150 ግራም፣ የክብደት ማዕከሉም 32 ሴንቲሜትር ይሆናል። መጠባበቂያው 8 ሴንቲሜትር ነው። በካሊበር ሲቆጠር ግን የአንዱ ካሊበር ሲሶ ብቻ ስለሆነ ደንቡን የያዘ መርማሪ ንድፉን ይጥለዋል። ደንቡን ለማርካት የክብደት ማዕከሉ 16 ሴንቲሜትር ላይ መድረስ አለበት፤ ለዚህም ጫፉ ላይ 284 ግራም መጨመር ያስፈልጋል። የሮኬቱ ክብደት ወደ 390 ግራም ያድጋል፤ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው የሚጠጋው ደንቡን ለማስደሰት የተጫነ ነው።

ሲሶ ካሊበር ያንሳል ወይ? ካሊበር የአንጻራዊ መለኪያ ስም እንጂ ጉልበት አይደለም። ሮኬቱን የሚመልሰው የጎን ጉልበቱና የክንዱ ብዜት ነው። ይህንኑ ጠርሙስ ራሱን አካል ያደረገ፣ 9 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው፣ አንድ ካሊበር ሙሉ መጠባበቂያ የተሰጠው የተለመደ ባለ ክንፍ ሮኬት እናወዳድር። ክንዱ 9 ሴንቲሜትር ነው። የባሮውማኑ የጎን ጉልበት ቁጥር ለጠቅላላ ሮኬቱ 10 ነው ብንል፣ በ64 ካሬ ሴንቲሜትር መስቀለኛ ስፋት ተባዝቶ 640 ያህል ይሰጣል፤ በክንዱ ሲባዛ 5,700 ያህል ይሆናል። የሾጣጣው ቁጥር 2 ብቻ ነው፤ መቀመጫው ግን 452 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሆነ ብዜቱ 904 ይሆናል፤ በ8 ሴንቲሜትር ክንድ ሲባዛ ደግሞ 7,200 ያህል። በእኩል ፍጥነትና በእኩል ማእዘን ሾጣጣውን የሚመልሰው ጥምዘዛ አንድ ሙሉ ካሊበር ካለው ባለ ክንፍ ሮኬት በሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ለእንዲህ ያሉ አጭርና ሰፊ ቅርጾች መጠባበቂያውን ከዲያሜትሩ ይልቅ ከርዝመቱ ጋር ማያያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው። ስምንቱ ሴንቲሜትር የርዝመቱ 13 በመቶ ነው፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ለሾጣጣ በቂ ነው።

በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ለአጭር ሮኬቶች የሚሠራበት ሌላ ዘዴ አለ። ከሮኬቱ መቀመጫ በስተኋላ ክብደት የሌለው ምናባዊ ሾጣጣ ይታከላል፤ ጫፉ ከመቀመጫው ይጀምራል፣ የኋላ ስፋቱ ከመቀመጫው ጋር እኩል ነው፣ ርዝመቱም የዲያሜትሩ 3.14 እጥፍ ነው። የሚወክለው ከመቀመጫው በስተኋላ የሚፈጠረውን የአየር ጎታች ጉልበት ነው። ዘዴውን በእኛ ሾጣጣ ላይ ብንሠራበት የግፊት ማዕከሉ 75 ሴንቲሜትር ላይ፣ ማለትም ሮኬቱ ካለቀበት 15 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ፣ ይወድቃል። በዚህ ሒሳብ ያ 106 ግራም የሚመዝነው፣ ጫፉ ላይ ምንም ያልተጨመረበት ሮኬት እንኳ ከአንድ ካሊበር በላይ መጠባበቂያ አለው። ባሮውማን ይገለበጣል ያለውን ዘዴው ደኅና ነው ይለዋል።

ከሁለቱ ማንን እንመን? ከመቀመጫው በስተኋላ ያለው ዝቅተኛ ግፊት በመቀመጫው ላይ እኩል ከተሰራጨ የሚጎትተው በዛቢያው መስመር ነው፤ በዛቢያው መስመር የሚጎትት ጉልበት ደግሞ አያዞርም። ዘዴው ከዚህ የተለየ ነገር የሚያደርገው ግፊቱ እኩል ባልተሰራጨበት መጠን ብቻ ነው፤ ያ መጠን ስንት እንደሆነ ግን ከዘዴው ውስጥ አይነበብም። ለሰፊ ሾጣጣ ይበልጥ የሚታመን ማረሚያ ከጂኦሜትሪው ይገኛል። የሾጣጣ ገጽ ያዘነበለ ስለሆነ በገጹ ላይ የሚያርፈው ግፊት የጎን ብቻ ሳይሆን የኋልዮሽም ክፍል አለው፤ ይህ የኋልዮሽ ክፍል ከዛቢያው በሬዲየሱ ርቀት ላይ ስለሚሠራ የራሱን ጥምዘዛ ይጨምራል። የግፊቱ ስርጭት ከጫፍ እስከ መቀመጫ አንድ ዓይነት ነው ብለን ብንደምረው፣ ሁለት ሦስተኛው በአንድ ተደምሮ የሬዲየስና የርዝመት ንጽጽር ካሬ ይባዛል። በእኛ ንድፍ ንጽጽሩ 0.2 ስለሆነ ካሬው 0.04 ነው፤ የግፊት ማዕከሉም ከ40 ወደ 41.6 ሴንቲሜትር ያፈገፍጋል። ጫፉ በጠቅላላው 60 ዲግሪ በሆነ ሾጣጣ ላይ ግን ማዕከሉ ወደ ርዝመቱ 89 በመቶ ይወርዳል። በጣም ሰፋፊ ሾጣጣዎች ስሌቱ ከሚለው በላይ ሲረጋጉ የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ለእኛ ንድፍ ግን ማረሚያው 1.6 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለውን 44 ግራም ለማንሣት ፈቃድ አይሰጥም፤ 42.8 አሁንም ከ41.6 ይበልጣልና።

ውሃው ሲወጣ

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ባዶ ሮኬት ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ ሲጨመር የሮኬቱ ክብደት 650 ግራም፣ የክብደት ማዕከሉም 47 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ ከግፊት ማዕከሉ 7 ሴንቲሜትር በስተኋላ ነው። ይህን በጫፍ ክብደት ለማረም መሞከር ሮኬቱን ወደ ድንጋይነት መለወጥ ነው። መፍትሔው ያለው በጊዜ ውስጥ ነው።

የውሃ ሮኬት ገፊ ጉልበት በተስማሚ ስሌት የኖዝሉ ስፋት በጠርሙሱ ትርፍ ግፊት ተባዝቶ እጥፉ ነው። የጠርሙሱ አፍ የውስጥ ዲያሜትር 21.5 ሚሊሜትር፣ ግፊቱ ከውጭው አየር በላይ 3 ባር ቢሆን የመነሻው ጉልበት 218 ኒውተን ይሆናል። ውሃውም በሰከንድ 24.5 ሜትር ፍጥነት ይወጣል። ውሃው ሲወጣ አየሩ ስለሚሰፋ ግፊቱ ይወርዳል። ይህን በየ100 ግራሙ ውሃ እየከፈልን ስናሰላው ውሃው በሙሉ በ0.07 ሰከንድ ያልቃል፤ ሮኬቱ በዚያ ጊዜ 85 ሴንቲሜትር ያህል ተነሥቶ በሰከንድ ወደ 27 ሜትር ፍጥነት ይደርሳል። የክብደት ማዕከሉ የግፊት ማዕከሉን አልፎ ወደ ፊት የሚሻገረው ጠርሙሱ ውስጥ 80 ግራም ገደማ ውሃ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ሮኬቱ ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ተጉዟል።

ስለዚህ ሮኬቱ ያልተረጋጋበት ዘመን በሙሉ በመምሪያ ዘንግ ላይ እንዲያልቅ ማድረግ ይቻላል። ዘንጉ ሲመረጥ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። መምሪያው ሮኬቱን ከመዞር የሚከለክለው በሁለት ነጥብ እስከ ያዘው ድረስ ብቻ ነው፤ የላይኛው መያዣ ከዘንጉ ሲወጣ የታችኛው ብቻውን እንደ ማጠፊያ ይሆናል። በሾጣጣ ላይ መያዣውን በገጹ ላይ መለጠፍ አይቻልም፤ ገጹ ከዛቢያው ጋር ትይዩ አይደለም። ከዛቢያው 7 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ቀጭን ቱቦ ሾጣጣውን ሰንጥቆ ቢያልፍ ከመቀመጫው ይነሣና 25 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በገጹ በኩል ይወጣል፤ ከጠርሙሱም ጋር አይጋጭም። ዘንጉ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ ሮኬቱ በሁለት ነጥብ ተይዞ የሚጓዘው 1.25 ሜትር ነው፤ ለ85 ሴንቲሜትሩ ይበቃዋል። የአንድ ሜትር ዘንግ ግን 75 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚሰጥ አይመከርም።

አሁን ደንቡን ለማርካት ወደ ከበደው፣ ያለ ውሃ 390 ግራም ወደሚመዝነው ሮኬት እንመለስ። ተመሳሳይ ውሃና ተመሳሳይ ግፊት ይዞ ውሃው ሲያልቅ የሚኖረው ፍጥነት በሰከንድ 15.5 ሜትር ብቻ ነው። በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስ ቀላል የጎን ነፋስ ቢኖር፣ ቀላሉ ሮኬት ዘንጉን ሲለቅ ከነፋሱ ጋር የሚፈጥረው ማእዘን 6 ዲግሪ ያህል ሲሆን የከባዱ 11 ዲግሪ ይደርሳል። ባሮውማን የተማመነበትን የ10 ዲግሪ ወሰን የሚያልፈው ባሮውማንን አክብሮ የከበደው ነው።

አየሩ በሳሳበት ከፍታ

የአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 2,400 ሜትር ይጠጋል። በመደበኛው ከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 0.97 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 1.225 ነው። የሚመልሰው የአየር ጉልበት ከእፍጋቱና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ በባሕር ጠለል ላይ የነበረውን ያህል መረጋጋት ለማግኘት ፍጥነቱ በ13 በመቶ መጨመር አለበት። ብዙ ሠሪዎች ዘንግ ለሚለቅ ሮኬት በሰከንድ 15 ሜትርን እንደ ዝቅተኛ ወሰን ይወስዱታል፤ ይህ ቁጥር በእኛ ሜዳ ላይ ወደ 17 ይጠጋል። ከባዱ ሮኬት አይደርስበትም፤ ቀላሉ በሰፊው ያልፈዋል። በውጭ አገር የተጻፈ የሞዴል ሮኬት መመሪያ ይዞ በከፍተኛ ቦታ ላይ ለሚሠራ ሁሉ ይህን ማረሚያ ማስገባት ግድ ነው።

በሌላ በኩል የሳሳው አየር ለውሃ ሮኬት ትንሽ ስጦታ አለው። የግፊት መለኪያው የሚያነበው ትርፍ ግፊቱን ነው፤ ውጩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ያው 3 ባር ሲሰፋ በውሃው መጨረሻ ላይ የሚቀረው ትርፍ ግፊት በባሕር ጠለል 1.26 ባር ሲሆን እዚህ 1.37 ባር ነው። ብዙ አይደለም፤ ግን የእኛ ነው።

በረራውና መውረዱ

ይህ ሮኬት ከፍታ ፈላጊ አይደለም። የጎታች ጉልበት ቁጥሩን 0.4 ብንወስድ ውሃው ካለቀ በኋላ 15 ሜትር ያህል ወጥቶ በአንድ ሰከንድ ተኩል ይቆማል፤ ለመውረድ ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በጠርሙሱ የቀረው የታመቀ አየር ጥቂት ይጨምራል፤ እዚህ አልተቆጠረም። የበረራው ጊዜ ከሦስት ሰከንድ ተኩል በጣም ካነሰና መንገዱም ከተጠማዘዘ፣ ሮኬቱ እየተገለበጠ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ይህን በተራ የስልክ ካሜራ ማየት ይቻላል። የውሃውን መውጣት ለማየት ግን በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ ካሜራ ያስፈልጋል፤ በዚያ 17 ያህል ምስል ይገኛል፤ በሰከንድ 30 በሚያነሣው ሁለት ብቻ።

ከመነሣቱ በፊት ሁለት ፈተናዎች መደረግ አለባቸው። የመጀመሪያው የጠርሙሱ ነው። ጠርሙሱ የጋዝ መጠጥ የነበረበት ይሁን፤ የተጣራ ውሃ የሚሸጥበት ስስ ጠርሙስ ለዚህ አልተሠራም። እስከ አፉ ውሃ ተሞልቶ ከሥራው ግፊት በላይ ይነፋ፤ ውሃ ሲታመቅ ጥቂት ጉልበት ብቻ ስለሚያከማች ቢሰነጠቅ አይፈነዳም። ሁለተኛው የማዞር ፈተና ነው። ውሃ የሌለበት ሮኬት በክብደት ማዕከሉ ላይ በገመድ ታስሮ ከራስ በላይ ይዞራል። ገመዱ 2.5 ሜትር ሆኖ በሰከንድ አንድ ዙር ከዞረ ፍጥነቱ በሰከንድ 15.7 ሜትር ነው፤ ጫፉ ወደ ፊት ከቀና ፈተናውን አለፈ ይባላል። ገመዱ ሲያጥር አየሩ በሮኬቱ ርዝመት ላይ በእኩል አቅጣጫ ስለማይመጣ ውጤቱ ያሳስታል። በ44 ግራሙና ያለ እርሱ ሁለት ጊዜ ቢሞከር፣ ባሮውማንና ምናባዊው ሾጣጣ የተጣሉበት ነጥብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማስረጃ ያገኛል።

መውረዱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቀላሉ ሮኬት በጫፉ ቢወድቅ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜትር ያህል፣ ጉልበቱም 10 ጁል ገደማ ነው። ከባዱ 10 ሜትር ያህል ብቻ ወጥቶ በተቀራራቢ ፍጥነት ይወድቃል፤ ይዞት የሚመጣው ግን ወደ 30 ጁል ነው፤ አብዛኛውም በሾለው ጫፍ ላይ ተሰብስቧል። በ«ደኅንነት» ደንብ ስም የተጨመረው ክብደት ሜዳው ላይ የቆመ ሰው ራስ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ሦስት እጥፍ አደረገው። በሁለቱም ንድፍ የጫፉ ክብደት ለስላሳ የልጆች መጫወቻ ጭቃ እንጂ ብረት ወይም ድንጋይ መሆን የለበትም፤ ጫፉም በስፖንጅ ይሸፈን።

የተሻለው መንገድ ሮኬቱ በመቀመጫው እንዲወርድ ማድረግ ነው። በከፍታው ጫፍ ላይ 44 ግራሙ ከጫፉ ተለቅቆ፣ በሾጣጣው ውስጥ አልፎ ከጠርሙሱ አፍ ጋር በታሰረ አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ከመቀመጫው በታች ቢንጠለጠል፣ ሾጣጣው ሰፊውን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይወርዳል። የጎታች ጉልበት ቁጥሩ ለዚህ አቀማመጥ 1.1 ያህል ቢሆን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ8 ሜትር በታች፣ ጉልበቱም ከ5 ጁል በታች ይሆናል። ፋኖሱ እዚህ ቦታውን አገኘ፤ ሲወጣ ያልረዳው መንጠልጠል ሲወርድ ይረዳዋል።

ችግሩ መልቀቂያው ነው። የጫፉ ክዳን ልል ሆኖ ቢቀመጥና በራሱ ይወድቃል ቢባል ከጊዜው በፊት ይለቃል። ውሃው ባለቀበት ቅጽበት ሰፊው ሾጣጣ በአየሩ በ44 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያህል ወደ ኋላ ይገታል፤ ከባዱ ክዳን ግን መንገዱን መቀጠል ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ 2 ኒውተን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። በከፍታው ጫፍ ላይ ደግሞ ይህ ጉልበት ዜሮ ይሆናል፤ የሚፈለገው መለቀቅም እዚያ ነው። ሲጎተት የሚይዝ፣ መጎተቱ ሲያበቃ የሚለቅ፣ ከወረቀትና ከላስቲክ የሚሠራ፣ ከ5 ግራም የማይበልጥ ማያያዣ መንደፍ የቀረው ሥራ ነው። ቀላሉ አማራጭ በላስቲክ ክር የሚነዳ የመጫወቻ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ እርሱ ግን ከጫፉ በስተኋላ የሚቀመጥ በመሆኑ የክብደት ማዕከሉ ስሌት እንደገና መጀመር አለበት።